የድንጋይ ከሰል ምድጃዬ ለምን አያሞቅም? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምድጃ አላሞቅ ሲል ሰው መጀመሪያ ሚጠረጥረው ከሰሉን ነው፣ ቀጥሎ ምድጃውን፣ ከዛ የሸጠለትን ሰውዬ። እኔም እንደዛው ነበርኩ። አሁን ግን አንድ ሰው "አያሞቅልኝም" ሲለኝ ምጠይቀው "አመዱን መቼ አወጣህ?" ብዬ ነው፣ ብዙ ጊዜ ወሬው እዛው ላይ ያልቃል። እዚህ ማወራው በር ስላለው፣ ከስር ፍርግርግና የአመድ መሳቢያ ስላለው፣ በቱቦ ከጭስ ማውጫ ጋር ስለተያያዘ የቤት ማሞቂያ ምድጃ ነው። ቱቦ የሌለው ክፍት ማንደጃ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን በር ዘግቶ ቤት ውስጥ ለሙቀት ማንደድ ጭራሽ አይሞከርም።

እንጨት ስከትበት አሪፍ ይነዳል፣ ከሰል ሳረግበት ግን ለብ ብሎ ይቀራል ወይ ይጠፋል። ለምን?

እንጨት አየሩ ከላይ ቢመጣለትም ከጎን ቢመጣለትም ይነዳል፣ አመድ ላይ ተኝቶ ሁላ ይነዳል። የድንጋይ ከሰል እንደዛ አይደለም፣ አየሩን ከስር ነው ሚፈልገው፣ በፍርግርጉ ገብቶ በፍሙ መሀል እየሰነጠቀ ወደላይ ሚወጣ አየር። እሱ ከሌለ ከላይ የፈለጋችሁትን ያህል ብትከፍቱለት ጥቅም የለውም፣ እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም አየር ቀላሉን መንገድ ነው ሚመርጠው፣ የላይኛው በር ክፍት ከሆነለት በፍሙ መሀል ምን አታገለው፣ ከላይ ከላይ ብቻ አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ቱቦው ይሄዳል፣ ቱቦውንም ያቀዘቅዘዋል፣ ከስር መግባቱም ይቆማል። እሳቱ ደከመ ብላችሁ "ትንሽ ይተንፍስ" ብላችሁ የላይኛውን በር ስትከፍቱ እየገደላችሁት ነው ማለት ነው። ሚከፈተው የታችኛው፣ የአመዱ በር ነው።

ይሄ ነገር ድሮም ሰው አስቸግሯል። አንትራሳይት የሚባለው ጠንካራው ከሰል "ድንጋይ ነው፣ አይነድም" ተብሎ ሲናቅ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ዊልክስ-ባሬ በሚባል ቦታ ጄሲ ፌል የሚባል ዳኛ ከፍ ያለ የብረት ፍርግርግ ላይ አስቀምጦ ያለምንም ወናፍ ቤቱ ውስጥ አነደደው። ከሰሉ ያው ከሰል ነው፣ የተቀየረው ከስሩ አየር ማግኘቱ ነው።

እሺ፣ አሁን ቀዝቅዞብኛል፣ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

የአመድ መሳቢያውን። ሞልቶ ፍርግርጉን ሊነካ ከደረሰ አየር ሚገባበት የለም፣ በዛ ላይ ፍርግርጉ ከስር የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሚያጣ ይግላል ይጣመማል፣ እሱ ደግሞ ወጪ ነው። አውጡት። ከዛ የታችኛውን በር ከፍታችሁ ጎንበስ በሉና (መሬት ላይ ተቀምጣችሁም ቢሆን) ፍርግርጉን ከስር እዩት። ቀይ ብርሀኑ በሁሉም ቀዳዳ እኩል ሚታይ ከሆነ ጤነኛ እሳት ነው። ግማሹ ቀይ ግማሹ ጥቁር ከሆነ ጥቁሩ ጋ አመድ ተጋግሯል ማለት ነው፣ ከላይ ስታዩት ቀይ መሆኑ አያታልላችሁ፣ እዛ ጋ ያለው ከሰል እየሞተ ነው።

የኔ ምድጃ የኋላ ግራ ጥጉ ነበር ሁሌ ሚደፈነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰሉን ስሳደብ ከርሜ አንድ ቀን የጣልኩትን ማንኪያ ላነሳ ስጎነበስ ነው ያየሁት፣ ከፍርግርጉ አንድ አራተኛው ድቅድቅ ጨለማ።

ፍርግርጉን ምን ያህል ነው ምነቀንቀው?

ረጅም ረጅም እየሳባችሁ ሳይሆን አጭር አጭር፣ ፈጠን ፈጠን እያረጋችሁ። መጀመሪያ ግራጫ አመድ ይወርዳል፣ ቀጥሎ መሳቢያው ውስጥ ብርሀን መታየት ይጀምራል፣ አንድ ሁለት ቀይ ፍም ጠብ ጠብ ሲል በቃ አቁሙ። ከዛ በላይ ከነቀነቃችሁ ፍሙን ነው ምትጥሉት። ከዛ በታች ከሆነ ደሞ አመዱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተጠራቀመ በሶስተኛ በአራተኛ ቀኑ ያፍነዋል፣ "እስከ ትላንት ድረስ ይሰራ ነበር እኮ" ሚባለው ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው። በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለብዙው ምድጃ ይበቃል። እሳቱ በጣም ደክሞ እያለ ግን አትነቅንቁት፣ መጀመሪያ የታችኛውን በር ከፍታችሁ ትንሽ ነፍስ ይዝራ፣ ጥቂት ከሰል ጨምሩበትና ሲይዝ ያኔ ነቅንቁ።

በመቆስቆሻ ከላይ ብቆሰቁሰውስ?

ተዉት። የእንጨት እሳት መቆስቆስ ልማድ ስለሆነብን እጃችን ዝም አይልም፣ ከሰል ግን፣ በተለይ አንትራሳይት፣ ከላይ ሲነካካ አይወድም። ታች ያለው አመድ ወደላይ ይወጣና ከፍሙ ጋር ይቀላቀላል፣ ሙቀቱ ከፍተኛ የሆነበት ቦታ ላይ ሲደርስ አመዱ ራሱ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ የተጣበቀ ድንጋይ ይሆናል። ክሊንከር ይሉታል። እሱ በፍርግርጉ ቀዳዳ አይወርድም፣ ሲነቀነቅም እጀታውን ይዞ ያስቀራል። እጀታው ድንገት እምቢ ካላችሁ በጉልበት አትታገሉ፣ ቀጭን ብረት ከስር በኩል በፍርግርጉ ቀዳዳ አስገብታችሁ ፈልጉት፣ ካልሆነም እሳቱ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ በእጅ ማውጣት ነው።

ሳይቆሰቁሱም ክሊንከር ሚበዛባቸው አሉ፣ እነሱ አብዛኛውን ጊዜ የታችኛውን በር ከፍተው ረስተው ሚሄዱ ናቸው። አየር ሲበዛ እሳቱ ከልክ በላይ ይግላል። ያን በር ከፍታችሁ ከክፍሉ አትውጡ፣ ምድጃው ቀልቶ የማግኘት ነገርም አለ።

ትንሽ ትንሽ እያረኩ ብጨምር አይቆጥብም?

አይቆጥብም፣ አያሞቅምም። ይሄ ብዙ ሰው ማያምነኝ ነገር ነው። የከሰል እሳት ውፍረት ይፈልጋል፣ ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ ነው ሚሞቃቁት፣ ሳሳ ብለው ፍርግርጉ ላይ ከተበተኑ አየሩ በመሀላቸው ዝም ብሎ ያልፋል እነሱም ለየብቻ ይቀዘቅዛሉ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ያነሰ ክምር አንትራሳይትን ይዞ ለማቆየት ይከብዳል፣ የምድጃው ውስጥ ጡብ እስከሚደርስበት ድረስ ሙሉት፣ ጡቡ የተሰራው ለዛ ነው። እሳቱን ምትቀንሱት በከሰል መጠን ሳይሆን በታችኛው አየር መቆጣጠሪያ ነው። ሙሉ አርጎ አየሩን መቀነስ፣ አለቀ።

ማቀጣጠሉ ራሱ ነው ያስቸገረኝ

እንጨት ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይያያዛል፣ አንትራሳይት ግን ወደ 500 ይጠጋል። ስለዚህ በወረቀትና በሶስት ጭራሮ አይሆንም። ደረቅ ቀጫጭን እንጨት፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ እንጨት አንድዳችሁ ደህና ፍም እስኪሰራ ጠብቁ፣ ከዛ አንድ ስስ ድርብ ከሰል፣ የታችኛው በር ክፍት ይሁን፣ ጠቅ ጠቅ ሲል ትሰሙታላችሁ፣ ሲቀላ ሌላ ድርብ፣ እንደገና ሌላ። ግማሽ ሰዓትም ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። የተቻኮለ ሰው አንዴ ገልብጦበት ያፍነዋል እና እንደገና ከዜሮ። ቤንዚን ኬሮሲን ምናምን ደግሞ አይነካም፣ ስለሱ ብዙ ማውራት አልፈልግም።

ከሰሉ መጥፎ ቢሆንስ? እርጥብም ነበር

ሊሆን ይችላል፣ ግን መጨረሻ ላይ ነው ሚጠረጠረው። ለማንኛውም ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም። አንትራሳይት አብዛኛው ካርቦን ነው፣ በኪሎ ወደ 28 ሜጋጁል አካባቢ ይሰጣል፣ ነበልባሉ አጭርና ሰማያዊ ነው፣ ጥቀርሻ የለውም ማለት ይቻላል። ቢቱሚነስ ቶሎ ይያያዛል፣ ረጅም ቢጫ ነበልባል አለው፣ ጭስና ጥቀርሻው ብዙ ነው፣ ጋዙን ለማቃጠል ከላይም የተወሰነ አየር ይፈልጋል። ሊግናይት፣ ቡናማው፣ በውስጡ ራሱ ብዙ ውሀ ይዞ ነው ሚወጣው፣ የክብደቱ ሲሶ አንዳንዴም ግማሹ ውሀ ነው፣ ስለዚህ በተመሳሳይ ኪሎ የአንትራሳይትን ግማሽ ሙቀት እንኳን ላይሰጥ ይችላል። ከሰል ቀይራችሁ በዛው ሳምንት ቤቱ ከቀዘቀዘ ይሄን አስቡ።

ላዩ ብቻ በዝናብ የራሰ ጠንካራ ከሰል ግን ብዙ አያስጨንቅም፣ እንዲያውም አቧራው እንዳይቦን ሆን ብለው ውሀ ሚረጩበት አሉ። እኔን ሚያሳስበኝ ዱቄቱ ነው። ከጆንያው ግርጌ ሚቀረው ደቃቅ ነገር በከሰሉ መሀል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላና አየር ይዘጋል፣ አካፋ ሙሉ ዱቄት ደህና እሳት ላይ ስትደፉበት ልክ በአመድ እንደማዳፈን ነው። የቁርጥራጩ መጠንም የምድጃው መመሪያ ላይ ያለው ይሁን፣ በጣም ትልቅ ከሆነ መሀሉ ክፍት ይሆናል፣ በጣም ትንሽ ከሆነ ይታፈናል ወይ በፍርግርጉ ሾልኮ ይወድቃል።

አመዱንም አጸዳሁ፣ ሞላሁትም፣ የታችኛውም ክፍት ነው፣ አሁንም ይደክማል

እንግዲህ ወደ ጭስ ማውጫው እንሂድ። ምድጃ አየር አይስብም፣ ሚስበው ጭስ ማውጫው ነው። ውስጡ ያለው ሞቃት ጋዝ ከውጪው አየር ስለሚቀል ወደላይ ይሄዳል፣ ሲሄድ ከስር ሌላ አየር ይጎትታል፣ በሙቀቱ ልዩነትና በቁመቱ ነው ሚሰራው። ውጪው ሞቅ ባለ ቀን ስበቱ ሚደክመው ለዚህ ነው፣ በብርዱ ቀን ግን ያው ምድጃ ይፎክራል። በሞቃት ቀን እሳት ይዛችሁ ለማቆየት ከመታገል ብታጠፉት ይሻላል።

ቀላል ሙከራ፦ የላይኛውን በር በጣም ትንሽ ገርበብ አርጉና ክብሪት ለኩሳችሁ እፍ ብላችሁ ጭሱን ክፍተቱ ጋ ያዙት። ወደ ውስጥ ጥርግ አርጎ ከወሰደው ይስባል። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ወይ ወደናንተ ከመጣ ችግሩ እዚህ ነው። አሁን እዛው ክፍል ውስጥ ያለ መስኮት ከፈት አርጋችሁ ድገሙት። ከተሻለ ጭስ ማውጫው ሳይሆን ቤቱ ነው የታፈነው ማለት ነው፣ የኩሽና አየር መምጠጫ፣ የመታጠቢያ ቤት ቬንትሌተር፣ የልብስ ማድረቂያ ማሽን፣ እነዚህ ሁሉ አየር ከቤት ያስወጣሉ፣ ቤቱ ደግሞ በደንብ የተደፈነ ከሆነ ምትክ አየር ሚያገኙት በጭስ ማውጫው በኩል ቁልቁል ስበው ነው። ይሄ ቀዝቃዛ ቤት ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው።

መስኮቱ ለውጥ ካላመጣ ቱቦው ውስጥ ተደፍኗል ወይ ቅርጹ ጥሩ አይደለም። አንትራሳይት ጥቀርሻ ባይኖረውም ብን ብሎ ሚሄድ ደቃቅ አመድ አለው፣ እሱ አግድም በተዘረጋው ቱቦና በክርኑ (መታጠፊያው) ላይ ይተኛል። ምድጃው ቀዝቅዞ ቱቦውን በጣታችሁ መታ መታ አርጉት፣ ባዶው ጋ ጥርት ያለ ድምጽ፣ የሞላው ጋ ድፍን ያለ ድምጽ ይሰጣል። ከዛ ክርኖቹን ቁጠሩ፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ ስበት ይቀንሳል፣ አግድም ያለው ቱቦ ደግሞ አጭርና ወደ ጭስ ማውጫው በኩል ትንሽ ከፍ እያለ ሚሄድ መሆን አለበት። ቁመትም አለ፣ ከምድጃው በላይ ቢያንስ 4.5 ሜትር ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ጫፉ ደግሞ ከጣራው ከሚወጣበት ቦታ 90 ሴንቲሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም ነገር ደሞ 60 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል ነው ሚባለው፣ አለበለዚያ ንፋስ ከጣራው ጋር ተላትሞ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ንፋስ ባለ ቀን ብቻ ሚያጨስ ምድጃ ካላችሁ ይሄን እዩ።

እሳቱ ግን ይነዳል፣ ምድጃውም ይግላል፣ ክፍሉ ነው ማይሞቀው

እዚህ ጋ ትንሽ ሂሳብ ይረዳል። ክፍሉ 5 በ4 ሜትር ሆኖ ቁመቱ 2.5 ከሆነ 50 ሜትር ኩብ ነው። በግምት ለ14 ሜትር ኩብ 1 ኪሎዋት ይባላል፣ ግድግዳው መካከለኛ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ስለዚህ 3.5 ኪሎዋት ያስፈልጋችኋል። አንድ ኪሎ ጥሩ አንትራሳይት 70 ፐርሰንት ብቃት ባለው ምድጃ 5.4 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ይሰጣል። ያ ማለት በሰዓት ከግማሽ ኪሎ ትንሽ በለጥ ያለ፣ በ24 ሰዓት 15 ወይ 16 ኪሎ። በቀን 5 ኪሎ እያነደዳችሁ ሶስት ክፍል ካልሞቀልኝ ምትሉ ከሆነ ምድጃው ምንም አላጠፋም፣ ቁጥሩ ነው እምቢ ያለው።

ከሰሉ በቂ ሆኖ ካልሞቀ ደሞ ሙቀቱ በቱቦው እየወጣ ነው። ቱቦው ከምድጃው ገላ በላይ ሚግል ከሆነ ስበቱ በዝቷል፣ አየሩን ቀንሱ፣ ቱቦው ላይ መቆጣጠሪያ ክዳን ካለ እሱን ጠበብ ማረግ ይቻላል (ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይቻልም፣ ይገድላል)። የምድጃው የውስጥ ግድግዳና ጣሪያ ላይ የተጋገረ ጥቀርሻና አመድም ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ ይይዘዋል፣ ሲቀዘቅዝ ጥረጉት። ሌላው ሙቀት ጣሪያ ስር ተሰብስቦ መቅረቱ ነው፣ ትንሽ ቬንትሌተር ከቀዝቃዛው ክፍል ወለሉ ላይ አርጋችሁ ወደ ምድጃው ክፍል እንዲነፋ አርጉት። ሰው በተቃራኒው ሞቃቱን ለመግፋት ነው ሚሞክረው፣ ቀዝቃዛው ከባድ ስለሆነ እሱን መግፋት ይቀላል፣ ሞቃቱ በላይ በኩል ራሱ ይመጣል።

የበሩ ጋስኬት (ዙሪያውን ያለው ማሸጊያ) አርጅቷል፣ ለውጥ ያመጣል?

አዎ። ወረቀት በሩ ላይ አርጋችሁ ዝጉበትና ሳቡት፣ እየያዘ ከወጣ ጥሩ፣ ዝም ብሎ ከተንሸራተተ ቀይሩት። የአመዱ በር ካፈሰሰ እሳቱን መቀነስ አትችሉም፣ የላይኛው ካፈሰሰ ደሞ መጀመሪያ ያልኩት ነገር ይመጣል።

ማታ ሞልቼው እተኛለሁ፣ ጠዋት ላይ ጠፍቶ ነው ማገኘው

ሁለት ነገር ነው ሊሆን ሚችለው፣ ወይ አየሩን ጨርሳችሁ ዘግታችሁታል ወይ አመዱን ሳታወርዱ ነው የሞላችሁት። የከሰል እሳት ከስር አየር ካጣ አያድርም። ከመተኛታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ነቅንቁት፣ ሙሉት፣ በደንብ ይያዝ፣ ከዛ አየሩን ዝቅ አርጉና ምድጃው ረግቶ ስታዩት ተኙ። ሞልቶ ወዲያው ዘግቶ መተኛት አደገኛም ነው፣ ቀጣዩን እዩ።

አዲስ ከሰል ስጨምር ከደቂቃዎች በኋላ ቡፍ ብሎ በሩን ያናጋዋል

አዲሱ ከሰል ሲሞቅ ጋዝ ያወጣል። ፍሙን ሙሉ በሙሉ ከሸፈናችሁት ጋዙን ሚለኩሰው ነበልባል የለም፣ ይጠራቀማል፣ ድንገት ብልጭታ ሲያገኝ በአንዴ ይያያዛል። ስለዚህ ስትጨምሩ አንድ ጥግ ቀይ ሆኖ ይታይ፣ አትሸፍኑት፣ ከላይም አየር ትንሽ ይግባ። ሰማያዊ ነበልባል ከሰሉ ላይ መደነስ ሲጀምር ጋዙ እየነደደ ነው።

ጭስ አይታየኝም፣ ሽታም የለም፣ ግን ራሴን ያመኛል

ይሄን እያነበባችሁ ከሆነ ተነሱ፣ ሁሉንም ሰው ይዛችሁ ወደ ውጪ ውጡ፣ ከዛ ለድንገተኛ እርዳታ ደውሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን ሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይለጠፋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ጉንፋን ሊመስል ይችላል፣ ውጪ ስትወጡ ሚሻላችሁ ከሆነ ግን ጉንፋን አይደለም። በደንብ ማያሞቅ ምድጃና መርዝ ሚያፈስ ምድጃ ብዙ ጊዜ አንድ ምድጃ ነው፣ ምክንያቱም የሁለቱም መነሻ ደካማ ስበት ነው። አላርም ግዙ፣ አንዱን ምድጃው ያለበት ክፍል፣ አንዱን መኝታ ቤት።

አመዱን የት ላርገው?

ክዳን ባለው የብረት ባልዲ፣ ከቤት ውጪ፣ ከእንጨት ነገር ርቆ። የሞተ ሚመስል ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ፕላስቲክ ባልዲ አይሆንም።

ብርዱ ሲያልፍ ዝም ብዬ ብተወውስ?

አትተዉት። የከሰል አመድና ጥቀርሻ ውስጥ ድኝ አለ፣ የእርጥበት ወቅት ሲመጣ እርጥበቱን ስቦ አሲድ ይሆንና ቱቦውን ይበላዋል። ቱቦውን ፈታችሁ አጽዱ፣ ምድጃውንም እስከ ጥጉ ጥረጉ፣ ጭስ ማውጫውን ቢያንስ በዓመት አንዴ (ቢቱሚነስ ከሆነ ሁለቴ) ባለሙያ ይጥረገው።

ሁሉንም አርጌ እምቢ አለ

እንግዲህ ስበቱን በመሳሪያ ሚለካ ባለሙያ ጥሩ። ለብዙ የቤት ምድጃዎች ወደ 12 ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው ሚፈለገው፣ ከዛ በጣም ከወረደ የሆነ ቦታ ላይ የተዘጋ ነገር አለ። የኔን የለካው ሰውዬ 4 ፓስካል አገኘና ምድጃውን እንኳን ሳይነካ ቱቦውን ከግድግዳው ነቅሎ አወጣው። መጀመሪያ የገጠመልኝ ሰው ቱቦውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከልክ በላይ አስገብቶት፣ ጫፉ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ሊነካካ ሁለት ጣት ነበር የቀረው፣ ጭሱ ሁሉ በዛች ክፍተት ነበር ሚወጣው። በመጋዝ ትንሽ ቆረጠው፣ መለሰው፣ እሳቱ እዛው ቆሜ እያለሁ ድምጹ ተቀየረ።